አረቄንና የጠርሙስ መጠጥን ቀምሶ ለቤት መምረጥ፦ ለአርባ ምንጭና ለጋሞ ዞን የተዘጋጀ መመሪያ

በአርባ ምንጭ ለቤት የሚገዛ ብርቱ መጠጥ የሚመጣው ከሁለት አቅጣጫ ነው። አንደኛው ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ አካባቢ በጀሪካንና በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚወርደው የቤት አረቄ ነው፤ ሁለተኛው በሲቀላና በሴቻ መደብሮች የሚሸጠው የፋብሪካ መጠጥ ነው። ሁለቱ አንድ ቡፌ ውስጥ ጎን ለጎን ቢቀመጡም የሚመረጡበት መንገድ ይለያያል። የፋብሪካው ጠርሙስ የአልኮል መጠኑ፣ አምራቹና የተመረተበት ቀን ተጽፎበታል። የቤት አረቄ ግን ምንም ስለማይጻፍበት የሚታወቀው በምታወጣው ሴት፣ በአፍንጫና በምላስ ነው። ስለዚህ ለአረቄ የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ከፋብሪካው መጠጥ ይልቃል፤ በደንብ ሲመረጥም የቡፌው ምርጥ ጠርሙስ እሱ ይሆናል።

አረቄ እንዴት ይወጣል፣ ጉድለቱስ ከየት ይመጣል?

አረቄ የእህል፣ የብቅልና የጌሾ ውጤት ነው። ደጋው ገብስና ስንዴ ስለሚያበቅል የዚያ አካባቢ ድፍድፍ ባመዛኙ ከእነዚህ ይዘጋጃል፤ ወደ ቆላው ሲወረድ በቆሎና ማሽላ ይገቡበታል። ጌሾና ብቅል በውሃ ተዘፍዝፈው ይሰነብታሉ፤ ዱቄቱ ቂጣ ሆኖ ተጋግሮ፣ ተፈርፍሮ ይጨመራል፤ ድፍድፉም ለቀናት ይብላላል። ከዚያ እሳት ላይ ተጥዶ እንፋሎቱ በቱቦ ያልፍና በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። አንድ ጊዜ ብቻ የወጣው ተራ አረቄ ይባላል፤ እሱው እንደገና ተጥዶ የወጣው ዳግም ነው። የተራው የአልኮል መጠን 35 በመቶ አካባቢ፣ የዳግሙ 45 በመቶ አካባቢ ነው፤ ይሁን እንጂ ከቤት ቤት፣ ከማሰሮ ማሰሮ ልዩነቱ ሰፊ ነው።

ከአንድ ማሰሮ የሚንጠባጠበው አረቄ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት አይደለም። መጀመሪያ የሚመጣው ቀላልና አፍንጫ የሚወጋ ነው፤ ሽታው ወደ ጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ያደላል። መካከለኛው የእህሉን መዓዛ የያዘ፣ ንጹሕና ጠንካራ ክፍል ነው። መጨረሻ ላይ አልኮሉ እየቀነሰ ቅባትነት ያለው፣ እርጥብ ጨርቅና የኮመጠጠ ድፍድፍ የሚሸት ፈሳሽ ይወርዳል። ጎበዝ አውጪ የመጀመሪያውን ጥቂት ትደፋለች፤ የመጨረሻውንም ከመካከለኛው ጋር ሳትቀላቅል ለሚቀጥለው ማሰሮ ታስቀምጠዋለች። መጠኑ እንዲበዛላት የምትፈልገው ደግሞ ሁሉንም በአንድ ዕቃ ታጠራቅማለች። ገዢው በኋላ በአፍንጫው የሚያገኘው ልዩነት አብዛኛው መነሻው እዚህ ላይ ነው።

ሌላው ትልቅ ጉድለት ማረር ነው። ድፍድፉ ወፍራም ሆኖ እሳቱ ከበረታ ከማሰሮው ሥር ይይዛል፤ የተቃጠለው ሽታም በቱቦው አልፎ አረቄው ውስጥ ይገባል። ይህ ሽታ ደግመው ቢያወጡትም ሙሉ በሙሉ አይለቅም፤ ማርም ዝንጅብልም አይሸፍነውም። በተቃራኒው የደጋው ቀዝቃዛ ውሃ የአውጪዋ ረዳት ነው፤ እንፋሎቱን ቶሎ ስለሚመልሰው መዓዛው አየር ላይ አይባክንም። በቆላ የምታወጣ ሴት ያንኑ ለማግኘት ውሃውን ቶሎ ቶሎ መለወጥ አለባት።

ቅምሻ ሊነግር የማይችለው

ወደ ቅምሻው ከመገባቱ በፊት አንድ ነገር በግልጽ መቀመጥ አለበት። ጣዕሙ የጣፈጠ፣ መዓዛው ያማረ አረቄም መርዝ ሊኖርበት ይችላል። ሜታኖል የሚባለው የአልኮል ዓይነት ሽታውም ጣዕሙም ከተለመደው አልኮል በምላስ አይለይም። በእህል አረቄ ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኘው መጠን አነስተኛ ነው፤ ሰው የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ አረቄውን ለማክረር ወይም ለማብዛት ለኢንዱስትሪ የተሠራ አልኮል ሲጨመርበት ነው። በክብሪት ሲለኮስ ሰማያዊ ነበልባል ማሳየቱም ማረጋገጫ አይሆንም፤ ሜታኖልም ይነዳል። ለዚህ ያለው መከላከያ አንድ ነው፤ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንዳወጣው ያልታወቀን አረቄ አለመግዛት፣ አለመቅመስም።

የሜታኖል ጉዳት ወዲያው ላይታይ ይችላል። ከጠጡ በኋላ ሰዓታት ቆይቶ፣ አንዳንዴም በማግስቱ፣ ከባድ ራስ ምታት፣ ትውከት፣ የሆድ ሕመም፣ የትንፋሽ መፍጠንና የዓይን መደብዘዝ ይመጣል። ይህ የተለመደው የማግስት ሕመም ነው ብሎ መተኛት ዓይንን ወይም ሕይወትን ሊያሳጣ ይችላል። ጥርጣሬ ያደረበት ሰው ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል መሄድ አለበት፤ የጠጣውን ቅሪት በጠርሙሱ ይዞ መሄዱ ለሐኪሞቹ ይጠቅማል፤ አብረውት የጠጡትም ምንም ባይሰማቸው መመርመር አለባቸው።

ግዢ

ጨንቻ ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ አርባ ምንጭ ራሷ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ዶርዜ ወደ ጨንቻ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። የዶርዜ ገበያ ሰኞና ሐሙስ፣ የጨንቻው ማክሰኞና ቅዳሜ ይቆማል። በገበያ ቀን መሄድ ብዙ አረቄ በአንድ ቦታ ለማየት ይረዳል፤ ለቤት የሚሆነውን ለመግዛት ግን የሚሻለው ከአውጪዋ ቤት በሰው አገናኝነት መድረስ ነው። ገበያ ላይ ያለው አረቄ በሁለትና በሦስት እጅ አልፎ ሊሆን ይችላል፤ በእያንዳንዱ እጅ ውሃ ወይም ሌላ ነገር የመግባቱ ዕድል ይጨምራል።

ከአውጪዋ ጋር ሲገናኙ የሚጠየቀው ጥቂት ነው፤ እህሉ ምንድን ነው፣ መቼ ወጣ፣ ተራ ነው ወይስ ዳግም፣ መጀመሪያ የወረደውን ምን አደረጉት? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል። ሥራውን የምታውቅ ሴት ሳታመነታ ትመልሳለች፤ ብዙ ጊዜ ከተጠየቀችው በላይም ታስረዳለች። እንዲህ ያለችውን አንዴ ካገኙ በየዓመቱ እሷን መያዝ ነው። ለዕድሜዋ የሚገባውን «እማማ» ወይም «እትዬ» ብሎ፣ ዋጋ ከመከራከር በፊት ሙያዋን አክብሮ የጠየቀ ሰው ከጓዳ የተቀመጠው ይወጣለታል።

መጀመሪያ የሚገዛው ግማሽ ሊትር ብቻ ነው። እሱ በቤት ተቀምሶ ሲወደድ ለብዙው ተመልሶ ይኬዳል። ሲሄዱ የታጠበና በደንብ የደረቀ የብርጭቆ ጠርሙስ መያዝ ያስፈልጋል። ሰው ሁሉ ሃይላንድ በሚለው የውሃ ፕላስቲክ ወይም ዘይት በነበረበት ጀሪካን የሰነበተ አረቄ የፕላስቲክ ጣዕም ይይዛል፤ ያ ጣዕም አንዴ ከገባ አይወጣም። ጠርሙሱ እስከ አፉ አይሞላም፤ በጨንቻ ብርድ የተሞላው አረቄ በአርባ ምንጭ ሙቀት ስለሚሰፋ ክዳኑን ሊገፋ ይችላል። ሁለት ጣት ያህል ባዶ መተው ይበቃል። መኪና የሚነዳው ሰው ደግሞ በዚያ ቀን አይቀምስም፤ ከዶርዜ የሚወርደው መንገድ ቁልቁለትና ጠመዝማዛ ነው።

ለቅምሻ መዘጋጀት

የአርባ ምንጭ ከሰዓት ለቅምሻ አይሆንም። በሙቀት ጊዜ አልኮሉ ከብርጭቆው ቶሎ ስለሚነሣ አፍንጫን ይወጋና ሌላውን መዓዛ ይሸፍናል። የሚሻለው ማለዳ ቀለል ያለ ቁርስ ከተበላ በኋላ፣ ወይም ፀሐይ ከገባች ወዲያ ነው። ባዶ ሆድ አይቀመስም። ዕጣን የሚጨስበት፣ ቡና የሚቆላበት ወይም ሲጋራ የሚጠጣበት ክፍል አይመረጥም፤ ሽቶም አይቀቡም። ከዶርዜ ምግብ የማይለየው ዳጣም ከቅምሻው በኋላ ይቀርባል፤ በርበሬው ምላስን ለረጅም ጊዜ ይይዛልና።

አረቄ ቤት ውስጥ የሚቀርብባት ትንሿ መለኪያ ለመጠጣት እንጂ ለማሽተት አልተሠራችም፤ አፏ ክፍት ስለሆነ መዓዛውን አትሰበስብም። ብርሌም አይሆንም፤ አንገቱ ስለሚጠብ አፍንጫ አይገባበትም። የሚሻለው ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ ትንሽ የወይን ብርጭቆ ነው። ለእያንዳንዱ መጠጥ የተለየ ብርጭቆ ይዘጋጃል፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ማለትም 15 ሚሊ ሊትር ያህል ይቀዳበታል። አጠገቡ ንጹሕ ውሃ፣ ጨው የሌለው ቂጣ ወይም ዳቦ፣ መትፊያ ዕቃ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይቀመጣል። በአንድ ቀን ከአራት ዓይነት በላይ መቅመስ ጥቅም የለውም፤ ከአራተኛው በኋላ ምላሱ ደክሞ ሁሉም አንድ ይሆንበታል።

ፍርዱ እንዲታመን ከተፈለገ ቀማሹ የትኛው የትኛው እንደሆነ ማወቅ የለበትም። ሌላ ሰው ብርጭቆዎቹን ቁጥር ሰጥቶ ይቀዳል፤ ስማቸውን በሌላ ወረቀት ይዞ ያቆያል። ዋጋውን፣ የመጣበትን ቀበሌና የሻጯን ስም ያወቀ ሰው ሳይታወቀው የሚጠብቀውን ጣዕም ያገኛል። ይህ በአረቄም ሆነ ከውጭ በመጣ ውስኪ እኩል ይሠራል።

ማየት፣ ማሽተት፣ መቅመስ

መጀመሪያ ብርጭቆው በነጭ ወረቀት ፊት ተይዞ ይታያል። ቅመም ያልገባበት አረቄ እንደ ምንጭ ውሃ ጥርት ማለት አለበት። ላዩ ላይ የቅባት ቀለበት ከታየ ወይም ፈሳሹ ድብዝዝ ካለ የመጨረሻው ወራጅ ተቀላቅሎበታል ማለት ነው፤ አለዚያም ዕቃው አልታጠበም። ወደ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ የሚያደላ ቀለም ካለው ከመዳብ ዕቃ የተበላ ነገር ሊኖርበት ስለሚችል አይቀመስም፣ ይደፋል።

ማሽተት ሦስት ጊዜ ይደረጋል። በመጀመሪያው ብርጭቆው ከአፍንጫ አንድ ስንዝር ርቆ ይያዛል፤ አፍ በትንሹ ተከፍቶ ቀስ ብሎ ይሳባል። ይህ የአልኮሉን ክረት ብቻ ይነግራል። ከደቂቃ በኋላ ቀረብ ተደርጎ ይሸተታል፤ አሁን የገብስ ቂጣ፣ የብቅል፣ የጌሾ ቅጠል፣ አንዳንዴም የጢስ መዓዛ ይመጣል። ቀለል ያለ ጢስ ነውር አይደለም፤ የጎጆ ውስጥ ሥራ ምልክት ነው፤ ብዙ የደጋ አረቄ ወዳጆች እንዲያውም የሚፈልጉት እሱን ነው። ያረረ ሽታ ግን ሌላ ነው፤ መራራና ደረቅ ሆኖ ጉሮሮ ድረስ ይሰማል። ሦስተኛው በመዳፍ ነው። ጥቂት ጠብታ በሁለት መዳፍ መካከል ይታሻል፣ አልኮሉ እስኪተን ይጠበቃል፣ ከዚያ ይሸተታል። የቀረው የእህል ሽታ ከሆነ ደኅና ነው፤ እርጥብ ጨርቅ፣ ዘይት ወይም ፕላስቲክ ከሸተተ ጠርሙሱ ለቡፌ አይሆንም። በዚህ መዳፍ ፈተና የሚገኘው መረጃ ከብርጭቆው ሽታ ይበልጥ ይታመናል፤ የአልኮሉ ክረት የሸፈነው ሁሉ ይገለጣልና።

ሲቀመስ መጀመሪያ ፉት የሚባለው ትንሹ ምላስን ለማለማመድ ብቻ ነው፤ ምንም አይፈረድበትም። ሁለተኛው ፉት ምላስ ላይ ተንሸራሽሮ ለአምስት ሰኮንድ ይያዛል፤ ከዚያ ይዋጣል ወይም ይተፋል። ጥያቄው ያቃጥላል ወይስ አያቃጥልም አይደለም፤ 45 በመቶ አልኮል ያለው ነገር ሁሉ ያቃጥላል። ጥያቄው ማቃጠሉ የት ላይ ነው፣ ምን ያህልስ ይቆያል የሚለው ነው። በደንብ የወጣ አረቄ ደረትን ያሞቃል፣ ከዚያ የእህሉን ጣፋጭነት ትቶ ይሄዳል። በመጀመሪያው ወራጅ የተበላሸው የአፍንጫን ሥርና የምላስን ጫፍ ይወጋል። በመጨረሻው ወራጅ የተበላሸው ጉሮሮ ላይ ይጣበቅና ኮምጠጥ ይላል።

ከዚያ ውሃ ይጨመራል። በ15 ሚሊ ሊትሩ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ንጹሕ ውሃ ገብቶ እንደገና ይሸተታል፣ ይቀመሳል። ብዙ አረቄ ማንነቱን የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው። አልኮሉ ሲለዝብ የተደበቀው ጥሩም መጥፎም ነገር ብቅ ይላል። ውሃ ሲገባበት የደፈረሰ ያልተቀመመ አረቄ ከባድ ቅባቶች አሉበት። ይህን ከፋብሪካው መጠጥ ከኡዞ ጋር ማምታታት አይገባም፤ ኡዞ በውሃ ወተት የሚመስለው ከአኒስ የሚገኘው ዘይት ውሃ ሲበዛበት ስለሚለይ ነው፤ ለሱ ጤናማ ምልክት ነው።

የተቀመሰው ሁሉ ወዲያው ይጻፋል፤ ቀኑ፣ የመጣበት ቦታ፣ እህሉ፣ ዋጋው፣ የመጀመሪያው ሽታ፣ ከውሃ በኋላ ያለው ጣዕም። ረጅም መጻፍ አያስፈልግም። «ገብስ፣ ቀላል ጢስ፣ ደረት ያሞቃል፣ ኋላው ጣፋጭ» የሚል መስመር ከስድስት ወር በኋላ ያንን ጠርሙስ ለማስታወስ ይበቃል።

ክረቱን መለካት

በየአረቄ ቤቱ የሚታወቀው ፈተና የክብሪት ነው፤ ማንኪያ ላይ የተደረገ አረቄ ከነደደ ዳግም ነው ይባላል። ይህ ፈተና በጋሞ ምድር በተለይ ያሳስታል። 40 በመቶ አልኮል ያለው መጠጥ ሊቀጣጠል የሚችል እንፋሎት የሚሰጠው 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ነው። በአርባ ምንጭ ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ከዚያ በላይ ስለሚሞቅ ደከም ያለውም አረቄ ይነዳል፤ በጨንቻ ማለዳ ብርድ ደግሞ ጠንካራው ዳግም እንኳ ክብሪቱን ሊያጠፋው ይችላል። ያው ጠርሙስ ደጋ ላይ ደካማ፣ ቆላ ላይ ብርቱ ተብሎ ይፈረድበታል። በዚያ ላይ ቃጠሎ ሊያስከትል ይችላል፤ ጠርሙሱ አጠገብ ክፍት ሆኖ ሳለ ክብሪት መጫር ፈጽሞ አይገባም።

ጠርሙስ ወዝውዞ አረፋውን ማየት ይሻላል። አረፋው ተለቅ ተለቅ ያለና ቶሎ የሚጠፋ ከሆነ አልኮሉ ከፍ ያለ ነው፤ ደቃቅ ሆኖ ከቆየ ደከም ያለ ነው። ይህም ግምት እንጂ ልክ አይደለም።

ቁጥር የሚፈልግ ሰው በፈሳሽ ላይ የሚንሳፈፈውን የመስታወት አልኮል መለኪያ ይጠቀማል። መሣሪያው የተስተካከለው አብዛኛውን ጊዜ ለ20 ዲግሪ ሙቀት ነው። አረቄው ሲሞቅ ስለሚቀል መሣሪያው ከእውነተኛው በላይ ያነባል፤ በ30 ዲግሪ 44 ያሳየው አረቄ በትክክል 40 ያህል ነው። በደጋ ብርድ ደግሞ ከእውነተኛው በታች ያነባል። ስለዚህ ከመለካቱ በፊት ጠርሙሱን በፍሪጅ ወይም በቀዝቃዛ ውሃ ወደ 20 ዲግሪ ማውረድ ያስፈልጋል። ማር ወይም ስኳር የገባበት መጠጥ በዚህ መሣሪያ አይለካም፤ ጣፋጩ ፈሳሹን ስለሚያከብደው ቁጥሩ ያንሳል።

የከረረ ዳግም ማለዘብ የሚፈልግ ሰው ቀስ ብሎ ውሃ ይጨምራል። አንድ ሊትር 45 በመቶ አረቄ ወደ 40 በመቶ እንዲወርድ 125 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ ይበቃዋል። ውሃው የታሸገ ወይም ፈልቶ የቀዘቀዘና የተጣራ ይሁን፤ ማዕድን የበዛበት ውሃ አተላ ያስቀምጣል። ከተለዘበ በኋላ ከመጠጣቱ በፊት ሁለት ሦስት ቀን ቢያርፍ ጣዕሙ ይዋሃዳል።

የፋብሪካ ጠርሙስ

ከአገር ውስጥ አምራቾች በብዛት የሚታወቀው አዲስ አበባ የሚገኘው ብሔራዊ አልኮልና አረቄ ፋብሪካ ነው። ኡዞ፣ ጂን፣ ኮኛክ፣ ፈርኔትና ሌሎችም ከእሱ ይወጣሉ፤ ባለዛፍና ሌሎች ፋብሪካዎችም ተመሳሳይ ዓይነቶችን ይሠራሉ። የእነዚህ መሠረት ብዙውን ጊዜ ከስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ የሚገኝ ንጹሕ አልኮል ነው፤ ጣዕሙ የሚመጣው ከሚጨመርበት ነው። ስለዚህ ሲቀመሱ የእህል መዓዛ አይፈለግባቸውም፤ የሚታየው የቅመሙ ሚዛንና የጣፋጩ ልክ ነው። በአገር ውስጥ ኮኛክ ተብሎ የሚሸጠውም ከፈረንሳዩ ጋር አይወዳደርም። የፈረንሳዩ ኮኛክ ከወይን ጠጅ ሁለት ጊዜ የወጣ፣ በኦክ በርሜል ቢያንስ ሁለት ዓመት የቆየ መጠጥ ነው። የአገር ውስጡ ለቡናና ለኬክ፣ ለብርድ ቀንም ጥሩ ነው፤ በራሱ መመዘኛ መታየት አለበት።

ከውጭ የመጣ ውስኪ ሲገዛ የመጀመሪያው ሥራ ጠርሙሱን መመርመር ነው። ክዳኑ ላይ ያለው ማሸጊያ ያልተነካ፣ የፈሳሹ ቁመት ከጎኑ ካሉት ጋር እኩል፣ መለያው ቀጥ ብሎ የተለጠፈ፣ የምርት መለያ ቁጥሩ ያልተፋቀ መሆን አለበት። ዋጋው ከሌላው ሱቅ በጣም ከረከሰ ምክንያቱ መታወቅ አለበት። 12 ዓመት የሚል ቁጥር በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ትንሹ ዕድሜ ነው፤ ቆይታውም በበርሜል ያለው ብቻ ይቆጠራል። ቡፌ ውስጥ አሥር ዓመት የተቀመጠ ውስኪ አሥር ዓመት አያረጅም፤ ጠርሙስ ውስጥ ምንም አይጨምርም። ለልጅ ሰርግ እያሉ አሽጎ ማኖር ለማስታወሻነቱ እንጂ ለጣዕሙ አይጠቅምም።

ለቤት የሚበቃው

ለአንድ ቤት አምስት ጠርሙስ ይበቃል። አንድ ተመርጦ የተወደደ የደጋ ዳግም አረቄ፤ አንድ በቤት የተቀመመ አረቄ፤ አንድ ኡዞ፤ አንድ ጂን፤ አንድ ውስኪ ወይም ኮኛክ። ኡዞው ከቀዝቃዛ ውሃ ጋር ለቆላው ሙቀት ይስማማል። ጂኑ ከሎሚና ከአርባ ምንጭ ማንጎ ጭማቂ ጋር ይሄዳል። ሃያ ጠርሙስ ደርድሮ የአንዱንም ጣዕም ካለማወቅ አምስቱን በደንብ ማወቅ እንግዳን የበለጠ ያስደስታል፤ ገንዘብም ያተርፋል።

የሚቀመመው አረቄ ከጉድለት የጸዳ መሆን አለበት። ለአንድ 750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 40 ግራም ያህል የተላጠና የተከተፈ ዝንጅብል አምስት ቀን ይበቃል። የሎሚ ልጣጭ ከሁለት ቀን በላይ ከቆየ ይመራል፤ ነጩ የልጣጩ ውስጥም አይገባም። ከሁሉ የሚመረጠው ግን የጨንቻ ፖም ነው። ሁለት ፖም ከነልጣጩ ተቆርጦ፣ ፍሬው ወጥቶ፣ አረቄው እስኪሸፍነው ተሞልቶበት ሦስት ሳምንት ጨለማ ቦታ ይቀመጣል። ከዚያ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ተጠልሎ ሁለት ማንኪያ ማር ይሟሟበታል። ገብሱም ፖሙም የአንድ ደጋ ፍሬ ናቸውና እርስ በርሳቸው አይጋጩም። ሙዝ የአርባ ምንጭ ኩራት ቢሆንም ለዚህ አይሆንም፤ ይሟሟና አረቄውን ያደፈርሰዋል። የሽፈራው ቅጠልም የሣር ጣዕም ብቻ ይተዋል።

አቀማመጥ

በቆርቆሮ ክዳን ሥር ያለ የአርባ ምንጭ ሳሎን ከሰዓት በኋላ በጣም ይሞቃል። ስለዚህ መጠጡ ከቡፌው ላይኛ መስታወት ይልቅ ከታችኛው፣ በር ካለው ክፍል፣ ከመስኮት ራቅ ብሎ ይቀመጣል። ጠርሙሱ ይቆማል እንጂ አይተኛም፤ ብርቱ አልኮል ቡሹን ይበላል። ከግማሽ በታች የቀረው ወደ ትንሽ ጠርሙስ ቢዛወር መዓዛው ይቆያል። ያልተጣፈጠ አረቄና ጂን ከተከፈቱ በኋላ ብዙ ወር ይቆያሉ፤ ፍራፍሬና ማር የገባበት ግን በሁለት በሦስት ወር ቢያልቅ ይሻላል። እያንዳንዱ የአረቄ ጠርሙስ ላይ ስሙ፣ የመጣበት ቦታና ቀኑ ይለጠፋል፤ ያልተጻፈበት ጥርት ያለ አረቄ ውሃ መስሎ ልጅ ሊጠጣው ይችላል። ከከሰል ማንደጃና ከጧፍም ይራቅ።

ለእንግዳ ሲቀርብ

በዶርዜ አረቄ ለእንግዳ የሚቀርበው ከኮጮ፣ ከማርና ከዳጣ ጋር ነው፤ ይህን ቅንብር የሚበልጥ አልተገኘም። የኮጮው ኮምጠጥ ማለት፣ የማሩ ጣፋጭነትና የዳጣው ማቃጠል እያንዳንዱ ፉት አዲስ እንዲሆን ያደርጋሉ። በከተማ ደግሞ ከጫሞና ከአባያ ሐይቆች የመጣ የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ ወይም የዓሣ ኮተሌት ከሎሚ ጋር ቀዝቀዝ ላለ ኡዞ ይስማማል። ለአንድ እንግዳ አንድ መለኪያ ተቀድቶ ውሃ ከጎኑ ይቀመጣል።

በቀድሞው ግብር ጠጅ አሳላፊው ከመስጠቱ በፊት በመዳፉ ጥቂት አድርጎ ይቀምስ ነበር። አስተናጋጅ አዲስ ጠርሙስ ሲከፍት ራሱ ቀድሞ ፉት ማለቱ ያንን ያስታውሳል፤ መያዝ የሚገባው ልማድ ነው። ከጋሞ ሰው ብዙው በእምነቱ ምክንያት አልኮል አይነካም፤ በጾም የሚተውም አለ። ስለዚህ ያልፈላ ብርዝ ወይም ጭማቂ ሳይጠየቅ አብሮ ይቀርባል፤ እምቢ ያለ ሰው ዳግመኛ አይጎተጎትም። ነፍሰ ጡር፣ መድኃኒት የሚወስድና የሚነዳ ሰውም እንዲሁ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል፤ በቤትም ይኸው ዕድሜ ቢጠበቅ ይበጃል።

ያለቀ የውስኪ ጠርሙስ ለቁራሌው ከመሰጠቱ በፊት መለያው ተቀድዶ፣ ክዳኑ ተጣምሞ ይለያል፤ መለያው ያልተነካ ባዶ ጠርሙስ በሌላ ነገር ተሞልቶ እንደገና ገበያ ሊወጣ ይችላል። ለአረቄ የሚፈለገው ጠርሙስ ግን በሙቅ ውሃ ታጥቦ፣ ተዘቅዝቆ ደርቆ፣ ለሚቀጥለው የጨንቻ ጉዞ ይቀመጣል።